ባዶ የተውሽው መስመር

አዲስ አበባ፣ አያት
ሚያዝያ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ ጎረቤቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣት ከተውሽ ወዲህ ትንሽ ቀለል አለሽ? እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ጾሙን በደህና ፈትተሻል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔና ኢስሐቅ፣ ፈትያም ጭምር፣ በአካል ደህና ነን፤ አልሐምዱሊላህ። በአካል ያልኩት አውቄ ነው። የቀረውን እያነበብሽ ትደርሽበታለሽ።

የሕንጻችንን ወሬ ላስቀድምልሽ። ውሃ አሁንም የሚመጣው ረቡዕና ቅዳሜ ነው፤ እሱም እኛ ፎቅ ሳይደርስ ይመለሳል። ባለቤትሽ ጋሼ ኃይለኪሮስ ይጠግኑት የነበረው ፓምፕ ከእሳቸው በኋላ የማንንም እጅ አልሰማ ብሏል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ፀሐይነሽ አያት ሆናለች፤ ልጇ መንታ ተገላገለች። ቤትሽን በየቅዳሜው እከፍታለሁ፤ አናፍሰዋለሁ፤ አቧራውን እጠርጋለሁ። በረንዳሽ ላይ ያለው ሬት ዘንድሮ አብቧል።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት ትይ ይሆናል። ካለፈው ሳምንት ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ። ሦስቱንም ጊዜ ድምፄ መድከሙን ሰምተሽ፣ ከእኔ የለመድሽውን «አብሽሪ» ስትይኝ ያሰብኩትን ትቼ ስለ ውሃና ስለ ጤፍ አውርቼ ዘጋሁት። በወረቀት ከሆነ ግን አንቺም አታባብይኝም፣ እኔም መሀል ላይ አልሸሽም። ነገ መቀሌ የሚበር ሰው አግኝቻለሁ፤ እጅሽ ላይ እንዲሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ።

የድምፅ መልእክትሽ የደረሰኝ የሆሳዕና ዕለት ነበር። ከልጄ ከፈትያ ጋር ሆነን ሰማነው። በጦርነቱ ሰው የሞተባቸውንና የተበደሉትን ሰዎች ቃል ጉርድ ሾላ ላይ እየተቀበሉ እንደሆነ ሰምተሻል፤ አንቺ እዚያው መቀሌ የራስሽን ሰጥተሽ ጨርሰሻል። የመዝገቡን ቁጥር ቀስ ብለሽ ሁለት ጊዜ አነበብሽልኝ። ከዚያ «አንቺ እዚያ ነበርሽ። ሂጂና የምታውቂውን ተናገሪ» አልሽ። ሌላ ነገር አልጨመርሽም። ለባለቤቴ ለኢስሐቅ አሰማሁት። «ምን ታስቢያለሽ ታዲያ? ሰው ለጎረቤቱ ካልመሰከረ ለማን ሊመሰክር ነው? መድኃኒት ይዘሽ አብረሻት የተንከራተትሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» አለኝ። ነኝ አልኩት። ዘጠኝ ቀን እህል አልወርድልሽ አለኝ። ኢስሐቅ ሐዘኑ ተቀስቅሶባት ነው ብሎ ተወኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ከአያት ባቡር ተሳፍሬ ሄድኩ። አዳራሹ ከፌርማታው ብዙም አይርቅም። የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ ሰው ሞልቶበታል። ፎቶ የያዘ አለ፤ የሟች መታወቂያ በላስቲክ ጠቅልሎ የያዘ አለ፤ ባዶ እጁን የመጣም አለ። መጀመሪያ በጋራ ያወያዩናል፤ ከዚያ በየተራ ወደ ጎን ክፍል እየጠሩ ቃላችንን ይቀበላሉ።

ሱፍ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ወገኖቼ፣ ጥይቱ ቆሟል፤ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ገብተዋል። ማን ምን አደረገ እያልን ብንቆፍር እሳቱ ተመልሶ ይነሣል። ይቅር ተባብለን እንለፈው» አሉ። የተወሰነ ሰው አጨበጨበ። አልደብቅሽም፣ እኔም አጨበጨብኩ። ብርድ ላይ ጋቢ እንዳለበሱኝ ነው የቆጠርኩት።

ከእሳቸው ቀጥሎ አቶ ዋቅቶላ የሚባሉ ሰው ተናገሩ። ከወለጋ ነው የመጡት፤ አሁን ቦሌ ቡልቡላ ልጃቸው ዘንድ ነው ያሉት። ወንድ ልጃቸውን መንገድ ላይ ገድለውባቸዋል። «እኔ ይቅር ማለት አላቃተኝም፤ ወንጌል የማምን ሰው ነኝ። ግን ልጄን የገደለውን ሰው አላውቀውም። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ሁሉ እሱ ይመስለኛል። እስቲ አምጡልኝና ዓይኑን አይቼ ይቅር ልበለው። ያለዚያ ለማን ነው ይቅር የምለው? ለነፋሱ ነው?» አሉ። ይህንን ሲሉ አልጮኹም፤ የጤና ጣቢያ ቀጠሮ እንደሚጠይቅ ሰው ረጋ ብለው ነው የጠየቁት። 

ከኋላ አንዲት ሴት ሳትነሣ፣ «ለእኔ ማየቱ ብቻ አይበቃኝም፤ ይጠየቅልኝ» አለች። ሁላችንም ዞር አልን። «ባሌን ያስወሰደው ሰው ሰፈሬ ውስጥ ነው ያለው። ገበያ ላይ ሲያገኘኝ እንዴት አደርሽ ይለኛል። ጦርነቱ አልቋል ትሉኛላችሁ፤ እሱ እንዴት አደርሽ ባለኝ ቁጥር ለእኔ እንደገና ይጀመራል» አለች።

ያጨበጨብኩባቸውን እጆቼን ነጠላዬ ሥር ከተትኳቸው። ስንት ዓመት ሙሉ እንዴት አደርሽ ብዬሻለሁ።

አየሽ፣ ወደዚያ አዳራሽ ስሄድ እኔም ሟች አለኝ እያልኩ ራሴን አደፋፍሬ ነው። ደግሞም አለኝ። ወንድሜ ጣሃ እንዴት እንደሞተ ታውቂያለሽ። ወሎ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋ የሚያድር ሰው ነበር፤ መሣሪያ ይቅርና ዱላ አልያዘም። የታጠቁ ሰዎች ሱቁ ደፍ ላይ መቱት። ሁለት ቀን የሚያነሣው ጠፍቶ፣ የሰፈር ሴቶች በጀመረው ሰማያዊ ጨርቅ ሸፈኑት። ማን እንደተኮሰበት እስከ ዛሬ አላወቅንም። አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስለዚያ ሰው አሰብኩ። የሆነ ቦታ ይኖራል። ምሳውን ይበላል፤ ልጁን ያዝላል፤ ምናልባት ለጎረቤቱ ደግ ይሆናል። መጥቶ «እኔ ነኝ» ቢለኝ ብዬ ስንት ዓመት ለምኛለሁ። ይህንን እያሰብኩ ሳለ ነው ስሜ የተጠራው።

ክፍሉ ውስጥ የሆነውን ከመንገሬ በፊት ስለዚያ ቀን ልንገርሽ። ከዚህ በኋላ ያለውን ተቀምጠሽ አንብቢው።

ፍሪጃችሁ ከተቃጠለ ወዲህ የጋሼ ኃይለኪሮስ ኢንሱሊን እኔ ፍሪጅ በር ላይ፣ ከእንቁላሉ ጎን ነበር የሚቀመጠው። ጧት ጧት አስራ ሁለት ተኩል ሲሆን አንኳክተው «ሐሊማ፣ ፋርማሲው ተከፍቷል?» ይሉ ነበር። እኔም «ለእርስዎ መቼ ተዘግቶ ያውቃል?» እላቸዋለሁ። ፈትያ ፊዚክስ ሲከብዳት ያስጠኗት እሳቸው ናቸው። አባቴ የሞተ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ፍራሽ ላይ አብረውኝ የተቀመጡት እሳቸው ናቸው። ይህንን የምጽፍልሽ አንቺ ስለረሳሽው አይደለም። እኔ እያወቅኩ እንደነበር እንድታውቂ ነው።

ኅዳር 2014 ነበር፤ ሐሙስ ቀን። ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለልኝ። ከወሎ ሸሽቶ ደብረ ብርሃን የገባ የአገራችን ሰው ነው። የጣሃን ነገር ነገረኝ። ኢስሐቅ መኪናውን ይዞ ሥራ ላይ ነበር፤ ፈትያም ትምህርት ቤት። ሌላ ጊዜ ቢሆን እየጮህኩ የማንኳኳው ያንቺን በር ነበር። ያን ቀን አላንኳኳሁም። ከለቅሶው በፊት ቁጣው ቀደመኝ። በዚያ ሰሞን ቧንቧው ጋ ሰልፍ ላይ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሬዲዮው ላይ ሰው ሁሉ «እነሱ» ነበር የሚለው። አስራ አንድ ዓመት ጎረቤቴ ስልሽ የኖርኩት አንቺ በአንድ ስልክ «እነሱ» ሆንሽብኝ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስት ሰዎች መጡ። አንደኛው ደብተር ይዟል። ከታች ፀሐይነሽን ሲጠይቋት ሰማሁ። «እኔ ተከራይ ነኝ፤ ማንንም አላውቅም» አለቻቸው። ቤቱ የራሷ እንደሆነ፣ ከእኛ ጋር አንድ ቀን ዕጣ እንደደረሳት ታውቂያለሽ። ዋሸቻቸው፤ አላህ ይስጣት። ከዚያ ወደ ላይ ወጡ። እኔ ባዶ ጀሪካን ይዤ ደረጃው አናት ላይ ቆሜ ነበር።

ደብተር የያዘው፣ በዚህ ፎቅ ላይ የትግራይ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ።

አላውቅም ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? «ሦስት መቶ አራት» አልኩት።

አሁን ቤት ውስጥ ነው ወይ አለኝ። «አለ» አልኩት። ጎረቤቴ፣ «አለ» ነው ያልኩት። አንድ ቀን እንኳ «አሉ» ሳልል ጠርቻቸው የማላውቀውን ሰው «አለ» አልኩ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለች።

ይህ ብቻ ቢሆን፣ ደንግጬ ነው፣ ሐዘን ላይ ሆኜ ነው እል ነበር። ሰውየው ጽፎ ወደ በራችሁ ዞሮ ነበር። እኔ ነኝ የመለስኩት። «ውጭ አገር ካለ ሰው ጋር ስልክ ያወራል» አልኩት። ከማን ጋር እንደሚያወሩ አውቅ ነበር። ሱዳን ካለው ወንድማቸው ጋር ነው፤ «እናታችን በሕይወት አለች ወይ?» እየተባባሉ ነው። አልቅሰሽ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። ሰውየው ተመለሰና ስማቸው ትይዩ የሆነ ነገር ጨመረ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም።

ደረጃችን ድምፅ ያስተጋባል። ፈትያ ቁርአን ስትቀራ እቤቴ ሆኜ ቃል በቃል እሰማታለሁ ትይኝ ነበር። ያን ቀን ከበራችሁ ሥር በሚወጣው ብርሃን ላይ የሰው እግር ጥላ አይቼ ነበር። የጋሼ ነው ብዬ ነበር፤ ነገር ግን እሳቸው ሲንኳኳ ከውስጠኛው ክፍል «መጣሁ» ሲሉ ተሰሙ። ከዚያ በላይ ላስብበት አልፈለግኩም።

በነጠላ ጫማ ወጡ። መነጽራቸውን እንኳ አስተካክለው አላደረጉትም። ደረጃው ላይ ሲያልፉኝ ዓይኔ በእንባ እንደተሞላ አይተው፣ ለእሳቸው የማለቅስ መስሏቸው፣ «አይዞሽ ሐሊማ፣ ይጣራና እመለሳለሁ። መድኃኒቴን ለእሷ ስጫት» አሉኝ። እኔን አጽናኑኝ።

የቀረውን አብረን ነው ያየነው። ብልቃጡን በረጠበ ጨርቅ ጠቅልለን፣ ከከተማው ጫፍ እሳቸውን እስካሰሩበት መጋዘን ድረስ ተመላለስን። የመጀመሪያው ቀን ነገ ኑ ተባልን። በሁለተኛው ቀን ደግሞ ዝርዝሩ ላይ የሉም አሉን። በሦስተኛው ቀን አንድ ዘበኛ ተቀበለን፤ ይድረሳቸው አይድረሳቸው አላወቅንም። በየቀኑ እጅሽን ይዤሽ ነበር። መንገድ ላይ «ማን ይሆን እንዲህ ያደረገን?» ትይኛለሽ ብዬ እጠብቅ ነበር፤ ጠይቀሽኝ አታውቂም። በዘጠነኛው ቀን ሬሳቸውን ውሰዱ ተባልን።

ለቅሶው ላይ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነበርኩ። ድንኳኑ ውስጥ «እንዲህ ያለ ጎረቤት ለሁሉም ይስጥ» ሲባል ሰምቻለሁ። የጣሃን ሞት የነገርኩሽ ያኔ ነው። አንቺ ባልሽን በቀበርሽ በሦስተኛው ቀን ከፍራሽሽ ተነሥተሽ ለወንድሜ አለቀስሽልኝ። ስሙን እየጠራሽ አለቀስሽለት። እኔ ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። አልተናገርኩም። ከዚያም የበረራው መንገድ ሲከፈት ኢስሐቅ ቦሌ ኤርፖርት አደረሰን። አቅፈሽኝ ብዙ ቆየሽ። ቁልፍሽን መዳፌ ውስጥ አድርገሽ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከደንሻቸው። «ባንቺ እጅ ይሁን» አልሽኝ። የቤቱን ነገር ነው ብዬ ነበር።

አሁን ወደ ክፍሉ ልመለስ።

ቃል የምትቀበለው እድላዊት የምትባል ወጣት ናት። ኮምፒውተሯ አጠገብ ውሃ አስቀምጣልኛለች። «እናቴ፣ ሲደክምዎት እናቆማለን» አለችኝ። አስቀድሜ የጣሃን ነገርኳት፤ ጻፈች። ቀጥዬ ያንቺን የመዝገብ ቁጥር ሰጠኋት። አወጣችና፣ «ለእኚህ ሟች ምስክር ሆነው ነው የመጡት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ቀኑን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ስንት ሰዎች እንደመጡ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከዚያ «የጠቆመባቸውን ሰው ያውቁታል?» አለች።

«አውቃለሁ» አልኳት።

«ስሙን ይንገሩኝ።»

«ሐሊማ ይማም» አልኳት።

ጥያቄው ያልገባኝ መስሏት ፈገግ ብላ፣ «አይ እናቴ፣ የእርስዎን ስም መዝግቤዋለሁ። የጠቋሚውን ነው» አለችኝ።

«እሱን ነው የምነግርሽ» አልኳት።

ጣቶቿ ፊደሎቹ ላይ እንዳሉ ቆሙ።  ከዚያ እንድትጽፈው ለመንኳት፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። «ሦስት መቶ አራት» ማለቴን፣ «አለ» ማለቴን፣ ስለ ስልኩ የጨመርኩትን፣ ሁሉንም። ለጣሃ ያለቀስኩትን ያህል አላለቀስኩም። እንዲያውም አላለቀስኩም። እሷ ናት ዓይኗን የጠረገችው።

ስትጨርስ ያንቺን ቃል ገልጣ ደጋግማ አነበበችው። ደንቡ ይፍቀድላት አይፍቀድላት አላውቅም፤ ብቻ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችልኝ። «ጠቋሚው ከታወቀ ስሙ ይጻፍ» ከሚለው ፊት ለፊት ስም የለም። ያንቺ ቃል ነው ያለው፤ እንዲህ ይላል፦ «ይህንን ጎረቤቴ ራሷ መጥታ ትነግራችኋለች። ካልመጣች ግን ባዶውን ተዉት።»

ቀኑን አየሁት። የተጻፈው መልእክቱን ከላክሽልኝ ከሁለት ወር በፊት ነው።

ከዚያ እስከ ባቡሩ ድረስ እንዴት እንደሄድኩ አላስታውስም። መገናኛ ድረስ በተቃራኒው ተሳፍሬ ሄጄ ነው የተመለስኩት።

ለኢስሐቅ ማታውኑ ነገርኩት።  መጀመሪያ ይህንን ይዤ ሦስት ዓመት ከምናምን ማዕድ አብሬው መቅረቤን ጠየቀኝ። ከዚያ ተቆጣ። «የጣሃንስ ማን ይናገርልናል? የእሱ ገዳይ የት ሄዶ ነው ቃሉን የሰጠው? አንቺ ብቻ ነሽ ለዚህች አገር ፍትሕ ከራስሽ የምትጀምሪላት?» አለኝ። እውነቱን ነው። የጣሃን ገዳይ ልጠብቀው ብል ግን እሱም የሆነ ሰው እየጠበቀ ይሆናል። ይህንን ልነግረው ስሞክር ልብሱን ሸክፎ ነበር። አሁን ወንድሙ ቤት ነው። ይመለሳል ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ።

ፈትያ አልጮኸችም፤ አልሰደበችኝም። ፍሪጁን ከፈተችና፣ በሩ ላይ እስከ ዛሬ መጣል አቅቶኝ የቀረችውን አንዲት ብልቃጥ አወጣች። ለካ በየቀኑ ታያት ኖሯል፤ ለመታሰቢያ ያስቀመጥኳት ይመስላት ነበር። እሷንና ቁልፍሽን ይዛ ቤትሽ ገባች። ሁለት ቀኗ ነው። ጋሼ ኃይለኪሮስ ያስጠኗት የነበረው ጠረጴዛ ላይ ሆና ስታነብ በመስኮት አያታለሁ። ምግብ በር ላይ አኖርላታለሁ፤ አንዳንዴ ትበላዋለች። ቤትሽን ያለ ፈቃድሽ ስለሰጠኋት አትቆጪ፤ ከእኔ እጅ ይልቅ በእሷ እጅ ቢሆን ይሻላል። የምትፈልጊውንም ነገር ከእንግዲህ ለእሷ ደውዪላት። ስልኳ ያው ነው።

የሕንጻችን ሰው ገና አልሰማም። ፀሐይነሽ ብቻ ሰምታ መጣች። ተቆጥታ ትወጣለች ስል፣ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «እኔ እኮ ያኔ ደረጃው ላይ ሰምቼሽ ነበር» አለችኝ። እሷም ይህንን ያህል ዓመት ይዛው ኖራለች። ለካ በዚህ ሕንጻ ውስጥ ስንታችን ነን ሰላም ነን እያልን ስንጠባበቅ የኖርነው።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍልሽም። ይቅርታሽን ጠልቼ አይደለም፤ እንደምመኘው አንድ አላህ ያውቃል። ግን ጋሼን ወስጄብሽ፣ ለቅሶሽን ከሐሰተኛ ሰው ጋር እንድታለቅሺ አድርጌሽ፣ አሁን ደግሞ ይቅርታሽን ስጪኝ ብዬ እጄን አልዘረጋም። አንቺ ስትፈልጊ የምትሰጪው፣ ካልፈለግሽም የምትይዢው ያንቺ ንብረት ነው። ሊጠሩኝ እንደሚችሉ እድላዊት ነግራኛለች፤ በፈለጉኝ ቀን እሄዳለሁ። ልብሴን አዘጋጅቻለሁ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሁሉም ሰው ቃሉን ሲጨርስ የሚጠየቀው የመጨረሻ ጥያቄ አለ፤ ምን ቢደረግ ይፈልጋሉ የሚል። ለጣሃ፣ ማን እንደሆነ ይነገረኝ፣ ፊቴም ቆሞ ይናገር አልኩ። ያንቺም መልስ መዝገብሽ ግርጌ ላይ ነበር። እድላዊት መልስሽን በእጇ ጋረደችው፤ «እሱን እሳቸው ቢነግሩዎት ይሻላል» ብላ። እኔም ለማየት አልሞከርኩም። ትታሰር ብለሽ ይሆናል፤ ተዉአት ብለሽ ይሆናል፤ ዓይኗን እንዳላይ ብለሽ ይሆናል። አላውቅም። በእኔ ላይ ምን ይደረግ የሚለው ቦታ ላይ ግን «እሷ የጻፈችው ይሁን» ብዬ ፈርሜያለሁ። ሳላነበው ነው የፈረምኩት።

የጋሼን ነፍስ አምላክሽ በአብርሃም አጠገብ ያኑርልሽ። ጉልበትሽን ይማርልሽ። ለሚመጣው ዓመት ጾምሽም ጤና ያድርስሽ። አልጋሽን ከመስኮቱ አርቀሽ አድርጊው፤ የመቀሌ ንፋስ ለደረትሽ ጥሩ አይደለም።

እስከ ትላንት ድረስ እህትሽ ነኝ እል የነበርኩት፣

የሦስት መቶ ሦስቷ ጎረቤትሽ